ከ1963 እስከ 1981፦ ጠፍጣፋ ገለፈት ድምፁን ማሰራጨት የቻለበት የኳድ ስፒከር የጉዳይ ጥናት

በስሙ ላይ 63 የሚል ቁጥር አለ፤ ገበያ የወጣው ግን በ1981 ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኢኤስኤል-63 የተባለው የእንግሊዙ ኳድ ኩባንያ ስፒከር ሥራው በተጀመረበትና ደንበኛ ቤት በደረሰበት ጊዜ መካከል አሥራ ስምንት ዓመታት አለፉ። ሥራው ሲጀመር የተወለደ ሕፃን፣ ስፒከሩ ሲሸጥ ለአካለ መጠን ደርሷል ማለት ነው።

ኩባንያው ከጠፍጣፋ ነገር ድምፅ ማውጣትን የተማረው በ1963 አልነበረም። ይህን በ1957 ለገበያ ባቀረበው የመጀመሪያ ሞዴሉ አሳይቷል፤ ያም ስፒከር እስከ 1985 ድረስ ሳይቋረጥ ተመርቷል። ታዲያ የቀረው ምን ነበር? የቀረው ድምፁን ማሰራጨት ነበር። ስለ ስፒከር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ድምፁ እንዴት እንደሚፈጠር ነው፤ ከተፈጠረ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከጎን የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚደርሰው፣ ግድግዳውን ምን እንደሚነካው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእኔ እምነት ከባዱ ጉዳይ ሁለተኛው ነው፤ ይህን ከኢኤስኤል-63 በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌም አላውቅም።

የመጀመሪያው ፓኔል

ፒተር ዎከር በ1916 የተወለዱ እንግሊዛዊ ነበሩ። ኩባንያቸውን በ1936 ለንደን ውስጥ አቋቋሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ፣ በ1941፣ ሥራቸውን ይዘው ሀንቲንግደን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወሩ። ኳድ የሚለው ስም አስቀድሞ የአምፕሊፋየራቸው፣ የድምፅ ምልክትን የሚያጎላው መሣሪያቸው፣ መጠሪያ ነበር፤ ኋላ ኩባንያው ራሱ በዚህ ስም ተጠራ። በ1947 ባሳተሙት የአምፕሊፋየር ንድፍ ከታወቁት ከመሐንዲሱ ዲ. ቲ. ኤን. ዊልያምሰን ጋር በመተባበር ሰውን ሁሉ ያስገረመ ስፒከር ሠሩ። በ1955 ዎከር የአሠራሩን መሠረተ ሐሳብ ዋየርለስ ወርልድ በተባለው መጽሔት ላይ በተከታታይ ጽሑፎች ዘረዘሩት። ሊሸጡት ያሰቡትን ነገር ምስጢር ገና ከመሸጣቸው በፊት በዝርዝር ለሕዝብ መጻፋቸው ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል።

የተለመደው ስፒከር ሾጣጣ ቅርጽ ያለው ወረቀት ወይም ፕላስቲክ አለው። ከሾጣጣው ጀርባ ጥምጥም ሽቦ አለ፤ ሽቦው በማግኔት መሃል ወዲያና ወዲህ እያለ ሾጣጣውን ይገፋል፣ ይስባል። ችግሩ ኃይሉ የሚያርፈው በአንገቱ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። የሾጣጣው ጠርዝ ትእዛዙ የሚደርሰው በቁሱ ውስጥ ተጉዞ ነው፤ በአንዳንድ ድግግሞሾች፣ ማለትም በአንዳንድ የመርገብገብ ፍጥነቶች፣ መሃሉ ወደፊት ሲሄድ ጠርዙ ወደኋላ ይሄዳል። በከበሮ ቆዳ ላይ አሸዋ በትኖ ቆዳውን የመታ ሰው ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል፤ አሸዋው አንዳንድ ቦታ ይዘላል፣ አንዳንድ ቦታ ጸጥ ብሎ ይከማቻል። ለከበሮ ይህ የድምፁ ውበት ነው። የሌላውን ድምፅ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊያደርስ ለተቀመጠ ስፒከር ግን የራሱን ጠባይ መጨመር ነው። በዚያ ላይ ከሾጣጣው ጀርባ የሚወጣው ድምፅ በሣጥን ይታፈናል፤ ሣጥኑም በተራው ይንቀጠቀጣል።

የኳድ ፓኔል ሣጥን የለውም፣ ማግኔትም የለውም። በሁለት የተበሳሱ ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚቀበሉ ሰሌዳዎች፣ መካከል አንድ ስስ የፕላስቲክ ገለፈት ተወጥሮ ይቆማል። ገለፈቱ ላይ ኤሌክትሪክን በጥቂቱ ብቻ የሚያሳልፍ ቅብ አለ፤ በእሱም በኩል ገለፈቱ በብዙ ሺህ ቮልት የኤሌክትሪክ ሙል ይሞላል፣ በተለምዶ ቻርጅ የምንለውን ማለት ነው። በመጀመሪያው ሞዴል ለወፍራም ድምፅ የተመደቡት ፓኔሎች 6,000 ቮልት፣ ለቀጭኑ የተመደበው 1,500 ቮልት ያህል ነበራቸው። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው የሙዚቃ ምልክት በትራንስፎርመር ተጎልብቶ ወደ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ይሄዳል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ገለፈቱም በመካከላቸው ይመላለሳል። ኃይሉ በአንድ ነጥብ ላይ አያርፍም፤ በገለፈቱ ስፋት ሁሉ እኩል ያርፋል። መሃሉና ጠርዙ ትእዛዙን የሚሰሙት በአንድ ቅጽበት ነው።

ገለፈቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 4 ማይክሮን ውፍረት ያለው ፖሊስተር ብንወስድ፣ ይህም ከሰው ፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ የቀጠነ ነው፣ የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ከ6 ግራም ያንሳል። አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ደግሞ 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ገለፈቱ የሚመዝነው ላዩ ላይ ያረፈ 5 ሚሊ ሜትር የማይሞላ የአየር ንብርብር ያህል ብቻ ነው። ሊያንቀሳቅሰው የተቀመጠው አየር ከእሱ ይከብዳል። ሙዚቃው ድንገት ሲቆም ገለፈቱም የሚቆመው ለዚህ ነው፤ አየሩ ራሱ ይይዘዋል። የክራር ክር ሲነካና በጣት ሲታፈን ያለችው ቅጽበት በዚህ ስፒከር ጥርት ብላ የምትሰማበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አንድ ረቂቅ ነገር አለ። በኤሌክትሪክ መሳሳብ ድምፅ የማውጣት ሐሳብ ለዎከር ዘመን አዲስ አልነበረም። በ1925 ከቼስተር ራይስ ጋር የጥምጥም ሽቦውን ስፒከር ያስተዋወቀው የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ኤድዋርድ ኬሎግ ራሱ፣ በ1934 ለኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል። በሁለቱም መንገድ የሠራው አንድ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የቀደሙት ሙከራዎች ግን ድምፁን ያዛቡት ነበር፤ ገለፈቱ ወደ አንዱ ኤሌክትሮድ በቀረበ ቁጥር ሙሉ (ቻርጁ) እየጨመረ፣ ኃይሉም ከምልክቱ ጋር ሳይመጣጠን ይቀራል። መፍትሔው የገለፈቱን ሙል ማሰር ነበር። ቅቡ ኤሌክትሪክን እጅግ በዝግታ ብቻ እንዲያሳልፍ ከተደረገ፣ ገለፈቱ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ቢመላለስ እንኳ ሙሉ ለመግባትም ለመውጣትም ጊዜ አያገኝም። ሙሉ ካልተለዋወጠ ኃይሉ ምልክቱን ብቻ ይከተላል። ስፒከሩ በታማኝነቱ የተመሰገነው ኤሌክትሪክን አስቸግሮ በሚያሳልፍ በዚህ ቅብ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ከአንድ ወንበር በስተቀር

የ1957ቱ ስፒከር የኤሌክትሪክ ክፍል ማሞቂያ ይመስላል ሲሉት ኖረዋል፤ ጥቂት ጎበጥ ያለ፣ ዝቅተኛ፣ ከፊት በብረት ወንፊት የተሸፈነ ነው። የሰሙት ሰዎች የሰው ድምፅና የአውታር መሣሪያ በእሱ ላይ እንደ ሕያው እንደሚሰማ መሰከሩ። ነገር ግን አብሮት የኖረ ቅሬታም አለ። ፊት ለፊቱ በተወሰነች ቦታ የተቀመጠ ሰው ሁሉንም ይሰማል። ትንሽ ወደ ጎን የሄደ፣ ወይም ከወንበሩ የተነሣ ሰው ግን ቀጭኑ ድምፅ ይሸሸዋል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሙዚቃ እኩል ሊሰሙ አይችሉም ነበር።

ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ የሞገድ ሕግ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ100 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ መቶ ጊዜ፣ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ነው፤ በ10,000 ሄርዝ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ደግሞ 3.4 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ምንጩ ከሞገዱ ርዝመት ሲያንስ ድምፁ በየአቅጣጫው ይበተናል። ምንጩ ከሞገዱ ሲበልጥ ግን ድምፁ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን ተሰብስቦ ወደፊት ብቻ ይሄዳል።

ለምን? 66 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፓኔል በሙሉ በአንድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይላል እንበል። ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው የፓኔሉ ግራም ቀኝም እኩል ርቀት ላይ ናቸው፤ ከሁለቱም የሚመጣው ሞገድ እኩል ይደርሰዋል፣ ይደማመራል። ወደ ጎን ለሄደ ሰው ግን አንዱ ጫፍ ይቀርበዋል፣ ሌላው ይርቀዋል። የርቀቱ ልዩነት አንድ ሙሉ ሞገድ ሲሆን ለእያንዳንዱ የፓኔሉ ቅንጣት ተቃራኒ የሆነ ሌላ ቅንጣት ይገኛል፤ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፣ ጆሮውም ምንም አይደርሰውም። በ500 ሄርዝ ይህ አይሆንም፤ ሞገዱ ከ68 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ ከፓኔሉ ይበልጣል። በ5,000 ሄርዝ ግን ሞገዱ 7 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ከበቂ ርቀት ሲለካ የመጀመሪያው ጸጥታ የሚመጣው ከመሃል መስመሩ በ6 ዲግሪ ዘንበል ሲባል ነው። ስድስት ዲግሪ አንገትን ዘወር የማድረግ ያህል እንኳ አይደለም።

ኃይሉ በሁሉም ቦታ እኩል ማረፉ ከላይ ያመሰገንነው ጸጋ ነበር። እዚህ ላይ ያው ጸጋ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ሾጣጣው ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ በትንሽ ጉልላት ስለሚያወጣ ማሰራጨት ብዙም አይቸግረውም፤ ፓኔሉ ግን ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት ሰፊ መሆን አለበት፣ ቀጭኑን ለማሰራጨት ደግሞ ጠባብ መሆን አለበት።

ዎከር በመጀመሪያው ሞዴል ላይ ይህን ያስታረቁት በመከፋፈል ነበር። በቁመት የቆሙ ሦስት ፓኔሎች አሉ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ለወፍራሙ፣ መሃል ያለው ለመካከለኛውና ለቀጭኑ ድምፅ ተመድበዋል። የመሃሉ ፓኔል ራሱ እንደገና ተከፍሎ እጅግ ቀጭኑ ድምፅ በመካከሉ ባለች ጠባብ ቁራጭ ብቻ ይወጣል። ፓኔሎቹም በጥቂቱ ጎብጠዋል። ይህ ወደ ጎን ያለውን ስርጭት አሻሻለው፤ ቁራጯ ከላይ እስከ ታች ረጅም ስለሆነች ግን ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን አልፈታውም። ቆሞ የሚሰማ ሰው ቀጭኑን ድምፅ የሚያጣው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ የአድማጩ ወንበር ብቻ ቢሆን ኖሮ ትዕግሥት ይበቃ ነበር። በቤት ውስጥ የምንሰማው ድምፅ ግን ከስፒከሩ ቀጥታ የሚመጣው ብቻ አይደለም፤ ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣሪያ ተንጸባርቆ የሚመጣውም አብሮት ይደርሳል። ወደ ጎን የሚሄደው ድምፅ ቀጭኑን ያጣ ከሆነ ከግድግዳው የሚመለሰውም እንዲሁ የደበዘዘ ነው፤ ጆሮም ቀጥታውና ምላሹ የአንድ ምንጭ እንዳልሆኑ ያውቃል። በተፈጥሮ አንድ ዘፋኝ ክፍል ውስጥ ሲዘፍን ወደ ጎን የሚሄደው ድምፁ ከፊቱ ቢለሰልስም በድንገት የሚጠፋ ማዕዘን የለውም። ስለዚህ የስርጭቱ ነገር የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የእውነተኛነት ጉዳይ ነበር። ኩባንያቸው ለዋናው ድምፅ እጅግ የቀረበውን እሠራለሁ ብሎ በመፈክር ያስነገረ ሰው ሊያልፈው አይችልም።

በመስኮት የሚያልፍ ሞገድ

ዎከር ጥያቄውን ገለበጡት። ሰፊ ፓኔል እንዴት ጠባብ ይሆናል ብለው መጠየቅን ትተው፣ ጥሩ የሚባለው ምንጭ ምን ዓይነት ሞገድ ይሰጣል ብለው ጠየቁ። መልሱ ግልጽ ነው፤ አንዲት ነጥብ። ኩሬ ውስጥ ጠጠር ሲጣል ከወደቀበት ቦታ ክብ እየሠራ እንደሚሰፋው ሞገድ፣ ከአንዲት ነጥብ የሚነሣ ድምፅም በአየር ውስጥ እንደ ሉል እየሰፋ ይሄዳል።

አሁን ያቺ ነጥብ ከአንድ ክፍት መስኮት ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ አለች እንበል። ሞገዱ በመስኮቱ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚነካው የመስኮቱን መሃል ነው፤ ለእሱ ይቀርባልና። ከዚያ በመሃሉ ዙሪያ ያለውን ክብ፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ እያለ ወደ ጠርዙ ይደርሳል። በመስኮቱ ላይ ያለው አየር የሚንቀሳቀሰው ከመሃል ወደ ዳር እየሰፉ በሚሄዱ ቀለበቶች ነው። በዚያ መስኮት ላይ ገለፈት ተወጥሮ፣ እያንዳንዱ ክፍሉ አየሩ ሊንቀሳቀስ ይገባው በነበረበት ቅጽበት በትክክል ቢንቀሳቀስ፣ ከፊት ያለው አየር ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። ነጥቧ ትነሣ፤ ሞገዱ አለ። በሞገድ ግንባር ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ እንደ አዲስ ምንጭ ሊቆጠር እንደሚችል ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን አስተምሮ ነበር፤ ዎከር ያንን ትምህርት በፕላስቲክና በመዳብ ሊተገብሩት ተነሡ።

መዘግየቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት የትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ ይነግረናል። ነጥቧ 30 ሳንቲ ሜትር ከኋላ ካለች፣ ከመሃል 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለው ቀለበት ከመሃሉ ይልቅ በ1.6 ሳንቲ ሜትር ይርቃታል፤ ድምፅ ያንን ለመጓዝ 47 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ያህል ይፈጅበታል። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ቀለበት 177 ሚሊዮንኛ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው 362 ሚሊዮንኛ መዘግየት አለበት። ጭማሪው እኩል አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ወደ ዳር በሄድን ቁጥር እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር የምትጠይቀው መዘግየት ይበልጣል። የሞገዱ ክብነት የሚገኘው ከዚህ እኩል ያልሆነ ጭማሪ ነው። ገለፈቱ ራሱ አልጎበጠም፣ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀራል፤ የጎበጠው ትእዛዙ የሚደርስበት ጊዜ ነው።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነበር። ኤሌክትሮዶቹ መዳብ የተለበጠባቸው የተበሳሱ ሰሌዳዎች ሆኑ፤ መዳቡ መሃል ላይ እንደ ክብ፣ በዙሪያው ደግሞ አንዱ ሌላውን በከበቡ ቀለበቶች ተቆርጧል። ቀለበቶቹ በኤሌክትሪክ ተነጣጥለዋል፤ ከኋላቸው ያለው ገለፈት ግን ያልተከፋፈለ ነው። ምልክቱ በቅድሚያ ወደ መሃሉ ክብ ይገባል፤ ከዚያ በጥምጥም ሽቦ በኩል አልፎ ወደ መጀመሪያው ቀለበት፣ እንደገና በሌላ ጥምጥም ሽቦ አልፎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቀለበት ከገለፈቱ ጋር ሆኖ በራሱ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ ጥምጥም ሽቦና ካፓሲተር በተከታታይ ሲያያዙ ደግሞ ምልክትን የሚያዘገይ መስመር ይሆናሉ። ለማዘግየት የሚያስፈልገው የክፍሉ ግማሽ ቀድሞውንም በስፒከሩ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ይህን ዝርዝር ባሰብኩ ቁጥር አድናቆቴ ይታደሳል፤ ጥሩ ምሕንድስና ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል።

መስመሩ ሌላ በጎ ነገርም አደረገ። ምልክቱ ወደ ዳር ሲጓዝ ይዳከማል፣ በተለይ ቀጭኑ ድምፅ። ስለዚህ እጅግ ቀጭኑ በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃሉ ነው፤ ድምፁ እየወፈረ በሄደ ቁጥር የሚሠራው የገለፈት ስፋት ይጨምራል። ጠርዙ ላይ ሞገዱ በድንገት ስለማይቆረጥ በጠርዝ ምክንያት የሚመጣው መረበሽም ይቀንሳል። አንድ ስፒከር 92 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሲሆን አራት ፓኔሎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረውበታል፤ ቀለበቶቹ የሚገኙት በመሃለኞቹ ሁለቱ ላይ ነው፣ ከላይና ከታች ያሉት ለወፍራሙ ድምፅ ያግዛሉ። የገለፈቱ ቮልቴጅ 5,250 ነው። ቀጭንና ወፍራሙን የሚለያይ መክፈያ የለም፤ የሚሰማው ሁሉ ከአንድ ቦታ እንደተነሣ ሆኖ ይመጣል።

አሥራ ስምንት ዓመት ለምን ፈጀ? ሐሳቡ እንደተነገረ ለመረዳት ከባድ አይደለም። ከባዱ ማምረቱ ነው። ቀለበቶቹ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ተሸክመው አንዱ ከሌላው ሳይፈነጥቅ መቀመጥ አለባቸው፤ ገለፈቱ ለብዙ ዓመታት ውጥረቱን ሳይለቅ መኖር አለበት፤ ከፋብሪካ የሚወጣው እያንዳንዱ ጥንድ ተመሳሳይ መሆን አለበት። ፋብሪካው ትንሽ ነበር፤ በዚያው ዘመን ኑሮውን የሚያገኘው በአምፕሊፋየሮች ነው፣ 303 በ1967፣ 405 ደግሞ በ1975 ወጥተዋል። ዎከርም ሳይበስል የሚያወጡ ሰው አልነበሩም። በሙከራ ላይ ሳለ ስፒከሩ ፍሬድ ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ሙሉ የድምፅ ክልል ያለው ባለ ሁለት ፊት ኤሌክትሮስታቲክ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው።

ሁለት ፊት ያለው ድምፅ

ባለ ሁለት ፊት የሚለው ቃል ችላ የሚባል አይደለም። ገለፈቱ ወደፊት አየሩን ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ይስበዋል። ሣጥን ስለሌለ የኋላው ድምፅ እንደ ፊቱ ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ ኃይሉ እኩል፣ አቅጣጫው ተቃራኒ። በትክክል ከጎኑ የቆመ ሰው ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ስለሆነ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ስርጭቱ ከላይ ሲታይ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ይይዛል፤ ከፊት ለፊቱ 60 ዲግሪ ዘወር ላለ ሰው የድምፁ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፣ 90 ዲግሪ ላይ ወደ ምንም ይደርሳል።

ሰው ይህን ጉድለት ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን ግማሹ በረከት ነው እላለሁ። በየአቅጣጫው እኩል ከሚያሰራጭ ምንጭ ጋር ሲነጻጸር፣ ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው ተመሳሳይ ድምፅ እያደረሰ ወደ ክፍሉ የሚለቀው ጠቅላላ ኃይል አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። የጎን ግድግዳዎች፣ ጣሪያና ወለሉ የሚደርሳቸው አነስተኛ ነው፤ አድማጩ ከክፍሉ ጩኸት ይልቅ ቀረጻውን ይሰማል። በጣም ወሳኙ ነገር ደግሞ የድምፁ መቀነስ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ተቀራራቢ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ሞዴል ወደ ጎን ሲሄዱ ቀጭኑ ቀድሞ ይጠፋ ነበር፤ በዚህኛው ሁሉም አብሮ፣ ቀስ እያለ ይለሰልሳል።

ዕዳው ያለው ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። የሞገዱ ርዝመት ከፓኔሉ ስፋት ሲበልጥ፣ ይህም ለ66 ሳንቲ ሜትር ስፋት ከ520 ሄርዝ በታች ነው፣ የኋላው ድምፅ ጠርዙን እየዞረ የፊቱን ማጥፋት ይጀምራል፤ ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር ጉድለቱ ይጨምራል። የገለፈቱ ሰፊነትና በውጥረቱ የተነሣ የሚያገኘው የራሱ መርገብገብ ከፊሉን ይሞሉታል እንጂ ሁሉን አይሞሉም። ደረትን የሚመታ ከበሮ የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኘውም። የኋላው ድምፅ ግድግዳ ነክቶ ስለሚመለስም ስፒከሩን ከግድግዳ አጣብቆ ማስቀመጥ ሥራውን ማበላሸት ነው፤ ወደ ክፍሉ ገባ ተደርጎ መቆም አለበት። ብዙ ቤት የዚህ ስፒከር ስም የሚጠፋው በአቀማመጡ ምክንያት ይመስለኛል።

የኃይል ገደቡም አለ። ገለፈቱ በኤሌክትሮዶቹ መካከል የሚመላለስበት ክፍተት ጠባብ ነው፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ አየሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል፣ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ገለፈቱም ይበሳል። የመጀመሪያው ሞዴል በኩባንያው ባለ 15 ዋት አምፕሊፋየር ታስቦ የተሠራ ስለነበር ዘመኑ ጉልበተኛ አምፕሊፋየሮችን ሲያመጣ ብዙ ፓኔሎች ተቃጠሉ። በኢኤስኤል-63 ውስጥ ለዚህ ጠባቂ ተደረገለት፤ ብልጭታ ሊፈጠር ሲል አየሩ የሚለቀውን የሬዲዮ ሞገድ የሚያዳምጥ ትንሽ አንቴና ውስጡ አለ፣ ሲሰማም ጠባቂው ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣውን ምልክት ወዲያው በአቋራጭ መልሶ ፓኔሎቹ ጋር እንዳይደርስ ያደርገዋል። ሰው ሳይሰማው ስፒከሩ የራሱን አደጋ ቀድሞ ይሰማል።

ሌላው መንገድ

ለዚያው ጥያቄ ፍጹም ተቃራኒ መልስ የሰጡም አሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ መከላከያ የምርምር ተቋም የተገኘ ሐሳብ ቬሪቲ በተባለ ኩባንያ እጅ ገብቶ፣ ኤንኤክስቲ በሚል ስም ታወቀ። በእሱ ዘዴ ፓኔሉ እንደ ኳድ ገለፈት በአንድነት አይንቀሳቀስም። ጠንካራ ቀላል ሰሌዳ በአንድ ሁለት ነጥብ ላይ ይነቀነቅና በሙሉ ስፋቱ በብዙ ዓይነት መታጠፍ ይርገበገባል። እዚህኛው ክፍል ወደፊት፣ ያኛው ወደኋላ ሲል ድምፁ ይበታተናል፤ መጠኑ ቢሰፋም እንደ ባትሪ ብርሃን አይሰበሰብም። ሶኒ በ2017 ባወጣው ቴሌቪዥን ላይ ስክሪኑ ራሱ ድምፅ እንዲያወጣ ያደረገው የዚህ ዘመድ በሆነ መንገድ ነው።

የስርጭቱን ችግር ይፈታል፤ በስብሰባ አዳራሽ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በስክሪን ላይ ጠቃሚነቱ አያከራክርም። ግን ከላይ ያነሣሁት የከበሮ ቆዳ ላይ ያለው አሸዋ እዚህ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰሌዳው የሚናገረው በራሱ መርገብገቦች ስለሆነ ትእዛዙ ከቆመ በኋላም ጥቂት ይናገራል። ኤንኤክስቲ ስርጭቱን ያገኘው የገለፈቱን አንድነት ትቶ ነው። ዎከር አንድነቱን ሳይለቁ ማሰራጨት ፈለጉ፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ የዚያ ምርጫ ዋጋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የኢኤስኤል-63 ጉድለቶች ከጊዜ ጋር ታይተዋል። ፓኔሎቹን ያያዘው ሙጫ ሲያረጅ ይለቅቃል፣ ከአቧራ የሚከላከለው ስስ ሽፋን ይላላና ይንቀጠቀጣል፤ ሙያው ያላቸው ሰዎች ዛሬም ፓኔሎቹን ፈትተው እንደ አዲስ ይወጥሯቸዋል። ዎከር በ2003 በ87 ዓመታቸው አረፉ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1999፣ የኢኤስኤል-63 ቦታ በ988 እና በ989 ሞዴሎች ተተክቶ ነበር። 989 ለወፍራሙ ድምፅ ሁለት ተጨማሪ ፓኔሎች፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች ተጨምረውለት ስድስት ሆነዋል፤ መሃል ያለው ክብ፣ የከበቡት ቀለበቶችና የሚያዘገዩአቸው ጥምጥም ሽቦዎች ግን እንደነበሩ ናቸው።